ሦስቱ ኮንቴይነሮች እኔን ሊያስነሡ ሲሞክሩ

ትናንት ጠዋት፣ በሥራ ሰዓት፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ሕልም አየሁ።

ደሴ ውስጥ የአንድ የአውቶቡስ ባለንብረቶች ማኅበር የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ክፍሉ ማለት እኔና ከተቀጠረች አራት ወር የሆናት ዘሃራ ነን። ተሳፋሪው ቤቱ ቁጭ ብሎ ትኬት የሚቆርጥበትን ድረ ገጽ በሦስት ቀን አስነሣዋለሁ ብዬ ስብሰባ ላይ ደረቴን ነፍቼ ተናግሬ ነበር። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ፕሮግራሙ የተቀመጠው ኮንቴይነር በሚሏቸው ሦስት ክፍሎች ነው፤ አንዱ ለተሳፋሪው ይታያል፣ አንዱ ያሰላል፣ አንዱ መዝገብ ይይዛል። ሦስቱም በአንድ ትእዛዝ አብረው መነሣት ነበረባቸው። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወድቅብኛል፤ ትእዛዙ የተጻፈበት ፋይል ውስጥ አንድ መስመር በአንድ ባዶ ክፍተት ከተዛነፈ ደግሞ ጨርሶ አይነሡም።

በሕልሜ መናኸሪያ ቆሜያለሁ። አውቶቡሶቹ ሻንጣቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ተሳፋሪዎቹ ትኬት መቁረጫው መስኮት ውስጥ ተቀምጠው "ወደ ወልዲያ የሚሄድ ሰው አልቋል! ነገ ተመለሱ!" ይላሉ። አንድ አሮጌ አውቶቡስ "እባካችሁ፣ ሁለት ሰው ብቻ! ቆሞ የሚሄድም ቢሆን!" እያለ ይለምናል።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ይመር ከተሳፋሪዎቹ መሃል ብቅ አሉ።

"እንግዳወርቅ፣ ምን ትጠብቃለህ? አውቶቡሶቹ ፀሐይ ላይ ቀሩ እኮ። ተነሣ!"

"ቆሜያለሁ እኮ ጌታዬ።"

"መቆምና መነሣት ይለያያል" አሉኝና መስኮቱን ዘጉት።

ዞር ስል ሦስት የብረት ኮንቴይነሮች ተደርድረዋል፤ ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ የሚከፈትባቸው ዓይነት። ከአንደኛው ክራቫት ያሰረ ሰውዬ፣ ከሁለተኛው ላብ ያጠመቀው ሰውዬ፣ ከሦስተኛው ትልቅ መዝገብ ያቀፉ ሴትዮ ወጡ።

"ሦስት ሳምንት ስታስነሣን ከረምክ" አለኝ ባለክራቫቱ። "ዛሬ የምናስነሣህ እኛ ነን።" ከኪሱ ወረቀት አወጣ። "እዚህ መስመር ላይ ቁም። አንድ ክፍተት ወደ ቀኝ።"

ተጠጋሁ።

"በዛ! ተመለስ።"

"የጣት ያህል ምን ለውጥ ያመጣል?"

"ወረቀቱ የሚያውቅህ በመስመርህ ነው። ከመስመር ከወጣህ የማን መሆንህ አይታወቅም።"

ትንፋሼን ውጬ በመስመሬ ቆምኩ። ከዚያ ፕሮግራሙ ሲነሣ በሚገባበት፣ በስምንት ሺህ ሰማንያ ቁጥር በር ግባ ተባልኩ። በሩን ስገፋው አልከፈት አለኝ። በቀዳዳ ባይ ውስጥ የተቀመጥኩት እኔው ነኝ፤ እግሬን አነባብሬ ሻይ እጠጣለሁ።

"ውጣልኝ እንጂ!" አልኩት።

"ማን ነህ?"

"አንተ ነኝ። የዛሬው።"

"እኔ የትናንቱ ነኝ። ከፍተኸኝ ሄድክ፣ ዝጋ ያለኝ የለም።"

እውነቱን ነው። በዋዜማው ፕሮግራሙን እንደከፈትኩት ትቼው ነበር ቤቴ የገባሁት። ባለላቡ ሰውዬ ገብቶ ኮሌታውን ይዞ ወረወረው፤ አንገቴን ያመመኝ ግን እኔን ነው።

ገባሁ። ሦስቱ አንድ ነገር ተጫኑ። ወዲያው ዘጭ አልኩ።

"ወደቀ!" ብለው አውቶቡሶቹ ጮኹ።

ባለላቡ ሸሚዜን ፈቶ ደረቴን ልክ እንደ ጋዜጣ ማንበብ ጀመረ። "'አውቀዋለሁ' ይላል። ቀጥሎ 'አውቀዋለሁ።' ቀጥሎ 'ይሄማ ቀላል ነው።'"

"ስሕተቱ የቱ ጋ ነው?" አለ ባለክራቫቱ።

"ይኸው ነው እኮ! እስከ ሆዱ ድረስ ይኸው ነው።"

አሮጌው አውቶቡስ ሳቁ አምልጦት ጥሩንባውን ነፋ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ደረቴ ተከፍቶ ስለነበር አልሆነልኝም።

"አጥፍተን እንደ አዲስ እንሥራው" ተባባሉ። አጠፉኝ። ሠሩኝ። ሰውነቴ ሁሉ ቀሎኝ ተነሣሁ፤ እንዲያውም ወገቤ ተሽሎኛል።

"ስምህ?"

"እንግዳወርቅ።"

"የባለቤትህ ስም?"

አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ፊቷ ይታየኛል፤ ስትቆጣ ቅንድቧን እንዴት እንደምታነሣ ይታየኛል። ስሟ ግን የለም።

"ማስቀመጫ አላዘጋጀማ" አሉ ሴትዮዋ ከንፈራቸውን መጠው። "ከኮንቴይነሩ ውጭ ያላስቀመጥከው ነገር ስትጠፋ አብሮህ ይጠፋል ልጄ።"

"እትዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል! መዝገብዎ ላይ አይጠፋም፣ ይፈልጉልኝ!" ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። ከዚህ በኋላ ቤቴ ገብቼ ማን ብዬ ልጠራት ነው?

ጣታቸውን በምራቃቸው እያራሱ ገለጡ፣ ገለጡ። ፊታቸው በራ።

"ይኸው፣ አለ!"

"ይንገሩኛ!"

"የይለፍ ቃልህን ካልነገርከኝማ አልችልም።"

የይለፍ ቃሌ የባለቤቴ ስም ነው። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

"ትርንጎ!" ብዬ ጮኼ ነቃሁ።

ጉንጬ ጠረጴዛው ላይ ነው። አቶ ይመርና የማኅበሩ ሊቀ መንበር በሩ ላይ ቆመዋል። ዘሃራ ኮምፒውተሯ ላይ እንዳቀረቀረች ናት።

"ጋሽ እንግዳ፣ ሦስቱን ለማስነሣት የቀረኝ የይለፍ ቃሉ ብቻ ስለነበር ከቅድም ጀምሮ ስቀሰቅስዎት ነበር" አለችኝ። "ትርንጎ ነው?"

መልስ ሳትጠብቅ ጻፈችው። ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመሮች ተራ በተራ አረንጓዴ ሆኑ።

"ምነው፣ አልተነሣም?" አሉ ሊቀ መንበሩ።

አቶ ይመር ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ሲስተሙማ ተነሥቷል።"