ሦስት ቀን የምትፈጀው ግድግዳ

በየከተማው «ሦስት ቀን ናት፤ ምን አላት!» የሚል አንድ ባለሙያ አይጠፋም። አንዱ ጋ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሌላው ጋ አናጢ። ለደባርቅ የደረሷት ለሳኙ ጋሽ ቢራራ ናቸው፤ አገሬው ፊት ለፊት ጋሽ ቢራራ፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «ሊቀ ጠበብት» ይላቸዋል።

መምህርት ጤናዬ ይህን ሳትሰማ ቀርታ አይደለም። ለእናቷ ያሠራችው የጭቃ ክፍል የቀረው የውስጡ ልስን ብቻ ስለነበር፣ እሳቸውም ሦስት ቀን ስላሉ አመነች። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ኮሶዬ ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸው ደክሟል። ስንት ዓመት ተለምነው በመጨረሻ «እሺ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ» ብለዋል። ክፍሉ ካልደረሰ «ላስቸግርሽ አልፈልግም» ብለው እንደሚቀሩ፣ ከቀሩም ሁለተኛ የሚነቀንቃቸው እንደማይኖር ጤናዬ ታውቃለች። ፋሲካ ደግሞ አንድ ወር ቀርቶታል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጭቃው ሲቦካ አለቁ። ጋሽ ቢራራ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ረገጥ ረገጥ ያደርጉትና፣ ቆንጠር አድርገው አሽትተው፣ «ገና ነው» ብለው ይሄዳሉ። በአራተኛው ቀን ሚካኤል ሆነ። በሚካኤል ማግስት የገብሱን ጭድ በእጃቸው አፍሰው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይኸ ለበሬ ነው የኔ ልጅ። ግድግዳ የሚወደው የጤፍ ጭድ ነው። እሱን ከዳባት ገበያ ነው የማመጣው።»

ሄዱ። የተመለሱት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ለካ ዳባት የዘመድ ክርስትና ገጥሟቸዋል። ጭዱን ግን ማዳበሪያ ሙሉ ይዘው ነው የመጡት። በማግስቱ ኪዳነምሕረት ሆነች፤ የመጀመሪያውን ዙር ልስን እንደጨረሱ ደግሞ ጭጋጉ ወረደና ጭቃው አልደርቅ አለ።

«ጋሽ ቢራራ፣ ስንት ቀን ቀረዎ?» ትላለች ጤናዬ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ።

«ሦስት ቀን ናት፤ ምን አላት!»

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ መስኮት ዘግተው፣ ጧፍ አብርተው አገኘቻቸው። ጧፉን ግድግዳው ላይ አስጠግተው ከዳር እስከ ዳር ይወስዱታል፤ ጥላ የጣለች ጉብታ ከተገኘች ወዮላት፣ ተፍቃ እንደገና ትለሰናለች። ጤናዬ ዕንባዋ መጣ።

«ኧረ በእመቤቴ! ግድግዳ እኮ ነው! እናቴ እንደሆነች አታየው!»

ጋሽ ቢራራ ጧፉን ዝቅ አደረጉ። «ዓይናቸው እንዲያ ነው?»

«ግድግዳ እየዳበሰች ነው የምትሄድ።»

«እህ» አሉ። በማግስቱ ከአልጋው እስከ በሩ፣ እጅ የሚደርስበትን ሁሉ ፍቀው እንደ አዲስ ጀመሩት። ጤናዬ ምነው አፌን በያዘው አለች።

ልስኑ ደርቆ ያለቀው ለቅዳም ሹር ነው። ጤናዬ እንከን ሳላገኝ አልለቃቸውም ብላ፣ መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ከአልጋው ተነሣች። እጇን የሚይዘው አጣች። በሩ አጠገብ ስትደርስ ግን ባቄላ የምታህል ጉብታ ነካች፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አላት።

«አገኘሁብዎ! ይኸ ምንድን ነው?»

«በሩ ነዋ» አሉ ጋሽ ቢራራ እጃቸውን እየታጠቡ። «ደፉ ከፍ ይላል። እጃቸው እሷን ሲያገኝ፣ እግራቸውን ያነሣሉ።»

ጤናዬ አፈረች፤ እኚህን ሰውዬ እንዴት እንደወደደቻቸው ለራሷም ገረማት።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ መጡ። ግድግዳውን እየዳበሱ ከአልጋው ተነሥተው፣ ጉብታዋ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና፣ ማንም ሳይዛቸው ደፉን ተሻግረው ወጡ። ተመልሰው ገቡ። እየሳቁ አንድ ጊዜ ደግሞ ወጡ።

«እንዲህ አርጎ የለሰነው ማነው? ስንት ቀን ፈጀበት ልጄ?»

ጤናዬ ሚካኤልን፣ ዳባትን፣ ጭጋጉን፣ ጧፉን አሰበች።

«ሦስት ቀን ናት እማዬ» አለች፤ «ምን አላት!»