ከምግብ በኋላ

በሽተኛ የሚቆጣ ነርስ ገጥሟችሁ ያውቃል? አሰላ ውስጥ ከሆነ ምናልባት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ ዘይነባ ለስኳር ክትትል ወደ ጤና ጣቢያችን መጡ። ጠዋትና ማታ እንዲወስዱ የሰጠኋቸው ኪኒን ግማሹ ተርፏል። እንደ ልማዴ ጀመርኩ።

«እማማ፣ በሕይወትዎ ይቀልዳሉ እንዴ? መድኃኒቱን ለምን አይወስዱም?»

«ወላሂ ልጄ፣ እንዳልከኝ ነው የምወስደው። ከምግብ በኋላ አላልክም? እኔ የምበላው በቀን አንዴ ነው፤ እሱም ጎረቤት ካስታወሰኝ።»

ስንት ጊዜ ስኳራቸውን ስለካ ምን እንደሚበሉ ጠይቄ አላውቅም! ይባስ ብዬ «ለምርመራው ሳይበሉ ይምጡ» እላቸው ነበር።

እየሮጥኩ ከአጥራችን ማዶ ወዳለው የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። የአረጋውያን ጉዳይ ባለሙያዋ መዝገቧን ገለጠች።

«እናውቃቸዋለን እኮ» አለችኝ። «ጤና ጣቢያው ይከታተላቸዋል ተብሎ ተጽፏል።»

ጉድ አትሉም? እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ካርዳቸው ላይ የጻፍኩት «ማኅበራዊ ጉዳይ ይከታተላቸዋል» የሚል ነው! ስነግራት እሷም ደንግጣ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ዓመት ሙሉ ሁለታችንም እየተከታተልናቸው ሴትዮዋ ተርበዋል ማለት ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ አስቋጥረን ቤታቸው ሄድን። የየዕለቱ ምግብ በማን በኩል እንደሚደርሳቸውም እዚያው ተነጋግረን ወሰንን። እማማ ዘይነባ ጉርሻቸውን እንደያዙ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ።

«ለካ እናንተ ትተዋወቃላችሁ?» አሉ በመገረም።