ኦቦ ጉደታ ከካርታ የወጡ ዕለት

ቆዩ፣ ሳቄን ልጨርስ። ሆዴን ይዤ ነው የምጽፍላችሁ፤ ፊደሉ ቢንጋደድ የሳቁ ጥፋት ነው እንጂ የአራተኛ ክፍል ትምህርቴ አይደለም። ዋናው ነገር ያለው መጨረሻው ላይ ነው። አሁኑኑ ብነግራችሁ ስቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ እኔ ደግሞ ጀምሬ ሳልጨርስ የሚሄድብኝን ሰው አልወድም።

መሄድን ካነሳን አይቀር፣ አዳማ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሄደ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። የኛ ሰው «ደህና ዋሉ» ብሎ ይወጣና ለስልኩ ይመለሳል። ለቁልፉ ይመለሳል። ምንም ያልረሳ እንደሆነም ያላለቀች ሐሜት ትዝ ትለውና ይመለሳል። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ጠባያችንን ስለሚያውቅ ከበር ካነሳን በኋላ ጥጉ ጋ ቆም ይላል፤ እስክናስታውስ። የእህቴ ልጅ ሲፈን ግን ከማን እንደወጣች እንጃ፣ እሷ ከመሄዷ በፊት ነው የምትመለሰው።

ሲፈን ሥራዋ ድሮን ማብረር ነው። ድሮን ማለት ያቺ አራት ክንፍ ያላት፣ እንደተቆጣች ንብ የምትጮኸው ነገር ናት። ሰማይ ላይ ትወጣና መሬቱን እንደሚያርስ በሬ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች ፎቶ ታነሳለች። ፎቶዎቹ በኋላ ተያይዘው ካርታ ይሆናሉ። «እቴቴ፣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አስቢው» አለችኝ አንድ ቀን፣ «አንዱ በአንዱ ላይ ካልተደረበ ያፈሳል።» ባለፈው ሞጆ አካባቢ አፍስሶባታል። መሃሉ ላይ ቀዳዳ እንዳለው ያወቀችው ቢሮ ከገባች በኋላ ነበር፤ መኪናው፣ ሹፌሩ፣ ነዳጁ፣ ሁሉም እንደገና። አለቃዋ ኢንጂነሩም ሁለተኛ ቀዳዳ ይዘሽ ከመጣሽ ድሮኗን ለሌላ ሰው አስረክበሽ ቢሮ ቁጭ ትያለሽ ብሏታል። ልጅቷ ደግሞ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። በዚህስ በኔ ወጥታለች።

እንግዲህ ያን ቀን ባቱ አጠገብ ለአዲስ የውሃ ቦይ የሽንኩርት መሬት ፎቶ ልታነሳ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ባቱ መልስ አለብኝና በመኪናቸው አብሬ ተሳፈርኩ፤ የአጎቴ ልጅ ሴት ልጁን ድሯል። የሙሽሮቹ ጃንጥላ ያዥ ማን ይመስላችኋል? እኔ ነኛ። ጃንጥላዋም እንደ ተራ ጃንጥላ አይደለችም፤ ፍራፍሬ የምሸጥበት በራፌ ላይ የምተክላት ናት። ድሮ ቀይ ነበረች። የናዝሬት ፀሐይ በልቷት አሁን የደረቀ ሣር መስላለች እንጂ ሁለት ሙሽራ ከነሚዜዎቻቸው ትይዛለች። ሰርግ ቤት ስንደርስ ሪባን ይዞርባታል፣ ማን ያውቃታል? ሹፌሩ ሰይድ፣ አፉ የማያርፍ የወሎ ልጅ፣ ዞሮ ዞሮ አያትና «እትዬ፣ እሷን መሬት ላይ አስቀምጠን መኪናዋን እላይዋ ላይ ብንጭናት አይሻልም?» አለኝ።

ደረስን። የአካባቢው ሽማግሌ ኦቦ ጉደታ ተቀበሉን፤ «አካም ጅርቱ» ተባባልን፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ልጆቹ ተጠየቁ። ሲፈን ድሮኗን አስነሳች። መሃል ላይ ባትሪ አለቀና ወረደች፣ ተቀየረላት፣ ተመልሳ ወጣች፣ ጨርሳ ወረደች። እኔ ቀሚሴን አራግፌ መኪና ውስጥ ገባሁ። የመልሱ ወጥ ሽታ በመንፈስ ደርሶኛል።

ሲፈን ግን ግራር ሥር ቁጭ ብላ ታብሌቷን ከፈተች። ሳላይ አልነቃነቅም አለች። ድሮኗ ሰማይ ላይ ሆና ያላየችውን አንቺ ግራር ሥር ሆነሽ ልታዪው ነው ወይ አልኳት። ሰይድም ፎቶ ይደገማል፣ የመልስ ምሳ ግን አይደገምም ብሎ አገዘኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችኝ። ተረቱን ያስተማርኳት እኔ፣ የተመታሁበትም እኔ። ታብሌቱ ላይ የመሬቱ ካርታ አለ፤ እያንዳንዱ ፎቶ በየተነሳበት ቦታ ነጥብ ሆኖ ተቀምጧል፣ በደንብ የተደራረበው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ጣቷ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ። ከዚያ ቆመ። ፊቷ ልክ እንደ ሞጆው ቀን ሆነ።

አረንጓዴው መሃል ላይ ነጭ ቀዳዳ አለ። ድሮኗ ባትሪ ቀይራ ስትመለስ ሁለት ትልም ዘላ ነበር የጀመረችው።

ኦቦ ጉደታ አጎንብሰው ያዩ ነበርና ቤታቸው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁ። ሲፈን መዋሸት አትችልም፤ ቀዳዳውን አሳየቻቸው። ሰውዬው ቀና አሉ፣ ቤታቸውን አዩ፣ እዚያው ቆሟል። እንደገና ካርታውን አዩ። «ጎረቤቴ አለ» አሉ። «የጎረቤቴ አህያ አለች። እኔ የለሁም?»

ትስቃላችሁ አይደል? እሳቸው ግን አልሳቁም። ፎቶ ላይ የሌለ ሰው ቦይ ይደርሰዋል ወይ ብለው ጠየቁ። ሲፈን አሁኑኑ እንደሚደገም፣ አንድ ባትሪ እንደቀራት፣ ከሐይቁ ነፋስ ሳይነሳ መብረር እንዳለባት ነገረቻቸው። ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ይደገማል» የምትለዋን ብቻ ነው። «ጫልቱ፣ ኮቱ» ብለው ሚስታቸውን ተጣሩ።

የኛ አገር ሰው መቼም ታጥቦ ሳይለብስ ፎቶ አይነሳም። ግቢው ተጠረገ። ጋቢ ከሳጥን ወጣ። አዴ ጫልቱ ፀጉራቸውን ቅቤ ነኩት። ጥቁሩ በሬ ሳይቀር መሃል ላይ ታሰረ። ሲፈን እጇን ዘርግታ ነፋሱን ትለካለች፤ ግራሩ ጫፉ ላይ መወዛወዝ ጀምሯል። ማን ያጣድፋቸው? እኔ ነኛ። በልጅነቴ ናዝሬት ፎቶ ቤት ስሄድ ፎቶ አንሺው «አትተንፍሺ» ይለኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ሁሉም ፎቶዬ የዓሣ አጥንት የዋጠች ሴት ነው የሚመስለው። እኔም በዚያ ሥልጣን ሰውን ሁሉ አሰለፍኩና የተነቃነቀ ሰው ሁለት ራስ ኖሮት ይወጣል አልኳቸው። ከየት አመጣሁት? ከየትም።

ዞር ልል ስል አዴ ጫልቱ ክንዴን ያዙ። «እንግዳ ውጭ አቁመን እኛ ፎቶ እንነሳለን? ነውር ነው» አሉ። ነውር ነው ከተባልኩ ምን እላለሁ? ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ጃንጥላዬን ከመኪና አስወርጄ ከግቢው በር ፊት ለፊት ተከልኩና ከሥሯ ቆምኩ።

ድሮኗ መጣች፣ ሄደች፣ ተመለሰች። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አረፈች፤ አልነቃነቅም። ሕግ ያወጣ ሰው ሕጉን ሲጠብቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም በራሴ። ድሮኗ ስትወርድ ነፋሱ አቧራውን ማንሳት ጀምሮ ነበር።

ሲፈን ታብሌቱን ከፈተች። ጣቷ ሄደ፣ ሄደ፣ አልቆመም። ሙሉ አረንጓዴ። ታብሌቱን ስማ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ኦቦ ጉደታ ፎቶው ይምጣ አሉና ያ ሁሉ የለበሰ ሰው የአናት ጥቁር ነጥብ ሆኖ ሲያገኙት «ፊቴስ?» አሉ። ሊቀየሙ ሲሉ በሬያቸውን አገኙት። ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «እሱስ አምሮበታል፣ ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» ብለው መረቁን። ሄድን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ልጄ የጎደለ እንዳለ አጥብቃ አየች። የተረፈ እንዳለ ግን አላየችም።

መልሱ ላይ በሰዓቱ ባልደርስም ወጡ ጠብቆኛል። ሙሽሮቹን በጃንጥላዬ አስገባሁ፣ ጃንጥላዬን እንደያዝኩ ጨፈርኩ፣ ሰው ክብ ሠርቶ አጨበጨበልኝ።

ከሰርጉ በኋላ አንድ ከሰዓት ሲፈን እኔ ዘንድ መጥታ ፍራፍሬዬ መሃል ቁጭ ብለን ስንጫወት ኢንጂነሩ ደወለ። ስሙን አየችና እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን አስቀመጠችው። ካርታው ተሠርቷል፣ አንድም ቀዳዳ የለውም፣ ከእንግዲህ ድሮኗ ያንቺ ናት አላት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ አንድ ችግር ግን አለ አለ። የቦዩ መስመር በኦቦ ጉደታ ደጃፍ ያልፋል፤ ደጃፋቸው ላይ ደግሞ አንዲት ክብ የሣር ጎጆ አለች። ቦዩን በጎጆዋ ዙሪያ አዙረው ሥዕሉን ጨርሰውታል፤ ብቻ ባለቤቷ ማን እንደሆነ አጣርታ ይስማማ እንደሆነ ትጠይቅለት።

ሲፈን ጃንጥላዬን ቀና ብላ አየች። እኔን አየች። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄያለሁ። በሥራዋ ቀልዳ የማታውቅ ልጅ ጉሮሮዋን እንደ አለቃዋ ጠራረገችና እንዲህ አለችው፦

«ኢንጂነር፣ ስለ ጎጆዋ አያስቡ። ያን ዕለት ባቱ መልስ ላይ ከባለቤቷ ጋር ስትጨፍር ነበር፤ አሁን ደግሞ ባለቤቷ ከሥሯ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ ፓፓያ እየላጠች ነው።»