በቅጹ ዳር የተገኘው አያቴ

ጎበዝ፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑም!

ላይቭ ላይ የነበራችሁ ዝም በሉ፤ ላልነበሩት ነው የማወራው።

መቼም የአያቴን የጠሃን ታሪክ ስንት ጊዜ ፖስት እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ። በጃንሆይ ጊዜ አገራችን ሲናና ድረስ ሰውና ከብት የሚቆጠርበት የጥናት ቅጽ ይዞ የመጣውን ጠያቂ ፊት ለፊት ቆሞ «አልቆጠርም!» ያለው ጀግና! ሮቤ ለምከፍተው ካፌ ታፔላ እንኳ ያሠራሁት «አልቆጠርም ካፌ» ብዬ ነው።

ነገ ሊሰቀል ነበር።

አንዲት ተመራማሪ ጎባ ሆና የዚያን ዘመን ቅጾች እያገላበጠች ነው ሲሉኝ፣ አክስቴን ዘይነባን፣ የጠሃን የመጨረሻ ልጅ፣ ይዤ ከነፍኩ።

ተመራማሪዋ የአያቴን ቅጽ አወጣች። «ጋሼ፣ እኔ ቅጹ ላይ ከታተሙት ሣጥኖች ይልቅ ጠያቂዎቹ ዳር ላይ በእጃቸው የጫሩትን ነው የማምነው። መጀመሪያ ለብቻዎት ቢያነቡት ይሻላል።»

ለብቻዬ? እኔ? ላይቭ ከፈትኩ!

ሣጥኑ «መልስ ሰጪ፦ አባወራው። ከብት፦ አራት» ይላል።

እንዴ! መልሷል?! «አልቆጠርም» የት ገባ?

ወደ ዳሩ ዞርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፦

«አባወራው አልወጡም። የመለሱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። ስለ ከብት ስጠይቅ ከጎተራው ውስጥ የወንድ ድምፅ ‹አራት በይ!› አለ። ቀጥሎ አስነጠሰ።»

ጎተራ!!!

ጀግናዬ ገብስ ውስጥ!

ኮመንቱ በሳቅ ተጥለቀለቀ። እኔ ደግሞ አፌ ማንበቡን አልተው አለኝ፦

«ባለቤታቸው ‹ግብር መስሎት ፈርቶ ነው፣ እኔን ጠይቀኝ› ብለው ሁሉንም መለሱ። ቅጹ ላይ የእሳቸው ስም የሚጻፍበት ቦታ የለም። ፋጡማ ይባላሉ።»

ፋጡማ። ሴቷ አያቴ።

ያን ሁሉ ዓመት ስፎክር አንድ ቀን ስሟን ጠርቼ አላውቅም። ቦታ ያልነበረው ቅጹ ላይ ብቻ መስሏችኋል?

«አክስቴ፣ ያውቁ ነበር?»

«ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ሲናና ያላወቀ አለ? እናቴ እስክትሞት ድረስ አባቴ ባስነጠሰ ቁጥር ‹አራት!› ትለው ነበር። አንተ ስታወራ ደስ ስለሚልህ ነው ዝም ያልንህ።»

«ታድያ ታፔላው?»

«‹አራት በይ ካፌ› በለው!»

ተመራማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ላይቩን ዘግቼ ታፔላ ሠሪው ጋ ደወልኩ!

አሁን ታፔላው በአዲስ ቀለም እየተቀባ ነው። «ፋጡማ ካፌ»።

እናንተስ? የቤታችሁን ጀግና ከመስቀላችሁ በፊት ፀጉሩ ላይ ገብስ አለመኖሩን አይታችኋል?