«እኔ» የማትል አዋላጅ

ሰው አገር ለቆ ለመሄድ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ፓስፖርት ይመስለዋል። የለም፣ ተሳስቷል። ፓስፖርት ተሰልፎም፣ ተገፍቶም፣ ተገላምጦም ቢሆን አንድ ቀን ይገኛል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ራስን ማመስገን ነው። ያውም ሳይስቁ፣ ያውም ሳያፍሩ፣ ያውም በማያውቁት ሰው ፊት። በዚህ ሙያ ደግሞ እኛ የታወቅን ድሆች ነን።

እስቲ አንዱን የጉና ግርጌ ገበሬ «ይሄን የመሰለ ስንዴ ያንተ ነው?» በሉት። «ምን አለና፣ እግዜር የሰጠንን ነው» ይላችኋል። ባለሙያዋን ሴት ወጧን አመስግኑላት። «ኧረ ዛሬስ አልሆነልኝም» ትላለች፤ እናንተ ትሪውን ጠርጋችሁ ጣታችሁን እየላሳችሁ። በኛ አገር ራሱን የሚያመሰግን ሰው ካያችሁ ወይ ጠጥቷል፣ ወይ ይፎክራል፣ ወይ ስብሰባ ላይ ሪፖርት እያቀረበ ነው። የሠራው ዝም ይላል፣ ያልሠራው ያወራል። «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ነው ያሳደጉን። እውነታቸውን ነው፣ ዝም አይነቅዝም፤ ግን ቪዛም አያስገኝም። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ነበርኩ ልበል መሰለኝ፤ ትምህርት ቤታችን ይከፈታል ሲባል ይዘጋል፣ አሁንስ ጠመኔ ከያዝኩ ቆየሁ። ባለቤቴ እናትነሽ ደብረ ታቦር ውስጥ አዋላጅ ናት። ያለችን አንድ ልጅ ህሊና ስምንተኛ ክፍል ናት። ስምንተኛ ክፍል ከገባች ስንት ክረምት እንዳለፈ ግን አትጠይቁኝ። የሳይንስ መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር ሸምድዳዋለች፤ ገጹን ጠርታችሁ ብትጠይቋት ሥዕሉ ሳይቀር ትነግራችኋለች። አንድ ቀን ፊቴ ቁጭ ብላ «አባዬ፣ ግን ዘጠነኛ ክፍል የሚባል ነገር አለ?» አለችኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና የሚገኝበትን ማወቅ ነበረብኝ። አላወቅሁም። ለመሄድ የቆረጥነው ያን ቀን ነው።

መንገዱን ያሳየን ፈቃዱ ነው። ፈቃዱ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ ስንቱን ሰው ለውጭ አገር አዘጋጅቶ ሲሸኝ እሱ ራሱ ከማሽኑ ጀርባ ንቅንቅ አላለም። ባሕር ማዶ አዋላጅ እንደ ውኃ ይፈለጋል አለን። አንድ ሆስፒታል እናትነሽን በኢንተርኔት ጠይቆ ከወደዳት ውል ይልካል፣ በውሉ ቪዛ ይጠየቃል፣ ቪዛው ባልንም ልጅንም ይዞ ይሄዳል። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ዋናዋ አመልካች እሷ መሆኗን፣ እኔ ደግሞ ጥገኛ ተብዬ እንደምመዘገብ ነገረኝ። ጥገኛ! እኔ ጥገኛ ሲባል የማውቀው የሆድ ትልን ነው። እንግዲህ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ የጨነቀኝ አዋላጅ ካገባሁ በኋላ ነውና እሺ አልኩ። የዓለምን አገሮች ከነዋና ከተማቸው ስጠራ ኖሬ አንዳቸውም ሳይፈልጉኝ ቀሩ፤ ምን ይደረግ።

በነገራችን ላይ ከከተማችን ትንሽ ወጣ ብላችሁ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። ዛሬ እርሻና የእግር መንገድ ነው፤ በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን ግን ፈረንጆች በሙያቸው ተፈልገው ብረት ያቀለጡባት ነበረች። አዎን፣ እነሱ በሙያቸው ወደኛ የመጡበት ዘመን ነበር፤ እንዲያውም እንሂድ ቢሉም የሚለቃቸው አልነበረም። ታዲያ ያኔ «እስቲ ስለ ራሳችሁ ንገሩን» ያላቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። መድፉን አምጡ ነው የተባሉት። ሰው እንዲህ በሥራው ቢጠየቅ ኖሮ እናትነሽን የሚቀድማት አልነበረም።

አሁን ግን የሚጠየቀው አፍ ነው። ፈቃዱ አንድ ምክር ሰጠን፤ «እኛ» እንዳትል፣ «እኔ» ትበል፣ እነዚያ ሰዎች «እኛ» የሚል ሰው ሲሰሙ ሥራውን ሌላ የሠራው ይመስላቸዋል አለ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ኮቴን ለብሼ፣ እግሬን አጣምሬ፣ ፈረንጅ ሆኜ ሳሎን ተቀመጥኩና ስለ ራሷ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ነጠላዋን ጎተት አድርጋ «ምኑን?» አለች። ጎበዝ አዋላጅ ነኝ በይ አልኳት። ከሷ የሚበልጡ ስንት እያሉ እንዴት ብላ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ እንደሚወጣ ጠየቀችኝ። ህሊና ከጥግ ሆና ሳቀችና፣ ዓይኗን ሳታሽ በእንግሊዝኛ እኔ በጣም ጎበዝ ተማሪ ነኝ፣ ያነበብኩትን አልረሳም አለች። ይቺ ልጅ ብቻዋን ብትጠየቅ ሦስታችንንም ይዛን ትሄድ ነበር።

እናትነሽ ይህም አልበቃ ብሏት ነገሩን የንስሐ አባታችን ዘንድ አደረሰችው። አባን ራስን ማመስገን ኃጢአት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ለእንጀራ መሆኑን ከሰሙ በኋላ ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ ፈሪሳዊውንና ቀራጩን አስታውሺ» አሏት። አለቀልን! አባ አይስሙኝና፣ ፈሪሳዊው እኮ ኢንተርቪው ላይ እንከን አልነበረበትም። ራሱን አስተዋውቋል፣ የሠራውን አንድ በአንድ ዘርዝሯል፣ «እኔ» ብሏል። የወደቀው ጠያቂው እግዚአብሔር ስለሆነ ነው። የኛ ጠያቂዎች ግን እግዚአብሔር አይደሉም ብዬ ለመንኳት። እየተንገሸገሸችም ቢሆን አንድ ማለዳ ጎበዝ አዋላጅ ነኝ የሚለውን በእንግሊዝኛ ከአፏ አወጣችው። ወዲያው አማተበች እንጂ፣ ብላዋለች።

ቀኑ ደረሰ። ኢንተርኔት ከሚሠራበት አንድ ሆቴል ጥግ ይዘን፣ ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ላፕቶፕ ከፈትን። እኔ እንዳልታይ ከላፕቶፑ ጀርባ ተቀመጥኩ፤ ተግባሬ ነገር ሲያምር አውራ ጣቴን ማንሳት ነበር። ሦስት ሰዎች ብቅ አሉ። ሽበት ያላቸው አንዲት ሴትዮ ዋናዋ ጠያቂ ነበሩ፤ ፊታቸው ደግ ነው። እናትነሽ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ ምጡ የጠየቋትን ሁሉ እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን መለሰች። ከዚያ ሴትዮዋ ከገጠማት ሁሉ የከበደውን አንድ ቀን እንድትነግራቸው ጠየቁ።

ያን ቀን እኔም አውቀዋለሁ። አውቀዋለሁ ስል ግን ከሷ ሰምቼ አይደለም፤ እሷ መች ትናገራለች! የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው የነገሩኝ። ከገሳይ ወዲያ ካለ መንደር አንዲት ወላድ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። መንገዱ ተዘግቶ መኪና የለም፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ የተሸካሚዎቹ ትከሻ ተልጧል። ልጁ በእግሩ መጥቷል። መብራት ጠፍቷል። ሐኪሙም ከተዘጋው መንገድ ማዶ ቀርቷል። እናትነሽ ልጁን አወጣች፤ አልተነፍስ ሲል ትንፋሽ ሰጠችው። የእናቲቱ ደም አልቆም ሲላት ማኅፀኗን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እስኪቆም ድረስ ሳትለቅ ያዘችው። ከዚያ በኋላ ለቀናት ማንኪያ ማንሳት አቅቷት ነበር፤ እኔ የዝናብ ብርድ መስሎኝ ቅባት ስቀባት ሰነበትኩ። እናትና ልጅ ተረፉ። ሰው ሁሉ ወላዷን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት፤ ቀድማ ያለቻት እናትነሽ ናት። መቼም ሠርቶ ምስጋናውን ሌላ የሚወስድበት ባለሙያ ቢኖር አዋላጅ ነው፤ ቅር የማይለውም እሱ ብቻ ነው።

ይህንን ታሪክ ነው እንግዲህ በእንግሊዝኛ የጀመረችው። ቃሬዛውን ነገረቻቸው፣ ጨለማውን ነገረቻቸው። ከዚያ ድምፅዋ ረጋ፣ ፊቷ በራ። በዚያ ሰዓት ማርያም ደረሰችልን አለች። እኔ ምንም አላደረግሁም፣ ማርያም ባትኖር ሁለቱም አይተርፉም ነበር አለች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ጻፉ። ማርያም በሥራው ከአንቺ ትበልጣለች ወይ ብለው ጠየቁ። እናትነሽ ፈገግ አለችና ከሁላችንም በላይ ናት ብላ መለሰች። በየፈረቃው ትገኛለች ወይ አሏት። ቀርታ አታውቅም አለች። አንቺስ ያን ቀን ምን ሠራሽ ቢሏት፣ እኔ ልጁን ተቀበልኩ አለች።

አንተስ የት ነበርክ፣ ለምን በዓይንህ አልጠቀስካትም ትሉኝ ይሆናል። እዚያው ነበርኩ። ማርያም ስትል አማትቤ አውራ ጣቴን አነሳሁ። ምኑ ነው የሚያስጠቅሰው? የእናቴ ልጅ እኔ፣ ምጥ ላይ ማርያም አለች ሲባል እሰየው ከማለት በቀር ምን አውቃለሁ? እንዲያውም ሳትንቀጠቀጥ የተናገረችው ያንን ብቻ ስለነበር ሥራው ተገኘ ብዬ ለራሴም ለሷም ማኪያቶ አዘዝኩ።

መጠበቅ ጀመርን። ወቅቱ ጽጌ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ስለ እመቤታችን ስደት ይዘምራል። ህሊና መልሱ እስኪመጣ መቼ ታግሣ፤ የሳይንስ መጽሐፏን ለጎረቤት ልጅ ሰጠቻት። እኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብላ፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር አሳምራ። እናቷ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ልትነግራት አፏን ከፈተችና ተወችው። ልጃችን ደስ ብሏት ማየት እኛም ናፍቆን ነበር።

መልሱ መጣ። ስልኬን ይዤ ያው ሆቴል በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። እናትነሽ በጣም ቅን ሰው መሆኗን ወደውታል። ነገር ግን ከራሷ አንደበት እንደተረዱት ልምዷ ረዳት ሆኖ በመሥራት ላይ የተወሰነ ነው። እነሱ የሚፈልጉት ችሎታ ያለው ከከፍተኛዋ ባልደረባዋ ከማርያም ዘንድ ነው። ስለዚህ ማርያም ፍላጎቱ ካላት ይህንን አድራሻ ብታደርሱልን ደስ ይለናል፣ ለእሷም ለቤተሰቧም ቪዛውን እናመቻቻለን ይላል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ሳቅኩ። በረኛው ምን ሆነሃል እስኪለኝ ሳቅኩ፤ ከዚያ ዓይኔን ስጠርግ እርጥብ ነው። መቼም ቤተሰብ ይዞ መሰደድ ለእሷ አዲስ አይደለም። ልጇን አቅፋ ግብፅ ስትወርድ ግን ልምድሽን ንገሪን ያላት አልነበረም።

እቤት ገብቼ ለሁለቱም አነበብኩላቸው። ህሊና ተነስታ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች፤ የሳይንስ መጽሐፉን በብብቷ ይዛለች። ጎረቤት ሄዳ ያንን መጽሐፍ መልሺልኝ ብላ መጠየቅ ምን ያህል እንደከበዳት እኔ አባቷ አውቃለሁ። ጥጓ ላይ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች።

ያኔ ነው ወገቤን ታጥቄ መልስ የጻፍኩት። በሆስፒታላችን ማርያም የምትባል ሠራተኛ የለችም፤ ያን ቀን የተደረገውን ሁሉ ያደረግሁት እኔ ራሴ ነኝ፣ በገዛ እጄ ብዬ። ከሥሩ የእናትነሽን ስም አደረግሁና አንብበሽ ላኪው ብዬ ስልኬን ሰጠኋት። ቀስ ብላ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ «ማርያም የለችም ብለህ ጻፍክ?» አለችኝ። ለሠራተኛ ያህል ነው፣ ለፈረንጅ እንዲገባው ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ሐሰት አለው? የለውም። ግን የጻፍኩትን ጮክ ብለህ አንብበው ብትለኝ አላነበውም ነበር።

እናትነሽ ወደ ልጇ ዞር ብላ አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም አያፍሬው «ለልጅሽ ስትይ» አልኳት። ጣቷን ስልኩ ላይ አደረገችና ቆየች። ልትልከው ነው አልኩ በልቤ። በዚህ መሃል የራሷ ስልክ ጮኸ። ከሆስፒታል ነው፤ በቃሬዛ የመጣች ሴት አለች፣ ቶሎ ነይ አሏት። ያልተላከውን ደብዳቤ እንዳለ መለሰችልኝና ጫማዋን ፍለጋ ተነሳች።

እኔ ግን ተስፋ መቁረጥ እንኳ በቅጡ አልችልበትም። እስከ በር ተከትያት ሄጄ፣ ታዲያ ለእነዚህ ሰዎች ምን ብዬ ልመልስላቸው አልኳት።

«አትሄድም በላቸው» አለችኝ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። «እዚህ ሥራ አለባት።»