የድጋፍ እንቅስቃሴ ከዋጃ እስከ ሮቢት

ሳይንስ የማይደርስበት አገር የለም፤ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ቆቦም ደረሰ። የደረሰው በደብዳቤ ነው። «የፓርቲያችን ሕዝባዊ ድጋፍ ከምሥረታው ጀምሮ ከየትኛው ቀበሌ ወደ የትኛው ቀበሌ እንደተንቀሳቀሰ በግራፍ ተጠንቶ ይላክ። የላቀ ጥናት ያቀረበ ጓድ ወደ ደሴ ይዛወራል» ይላል።

የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ጓድ አላምረው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብቦ ሁለት ጊዜ ሳመው። የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ የቆቦ ሙቀት ሲቀቅለው፣ ወባም በየመስከረሙ እየመጣ ሲጠይቀው ኖሯል። ደሴ ማለት ለሱ ብርድ ነው፣ ካፖርት ነው። ምን አለፋችሁ፣ ገነት ነው።

መቼም አዋቂ ሰው ዘዴ አያጣም። በምሥረታው በዓል ለየገበሬው ቤት አንዳንድ ቀይ ባንዲራ ታድሎ ነበር። አላምረው በየዓመቱ በላንድሮቨር አስፋልቱን እየተመላለሰ፣ በአቅርቦ ማሳያ መነጽር ከየማሳው የተሰቀለውን ባንዲራ ይቆጥር ነበርና ግራፉ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ሕዝቡን ግን አልጠየቀም። ሕዝብ እኮ ያሳስታል።

ግራፉ ለስብሰባ ሲቀርብ የድርጅት ጉዳይ ኃላፊው ጓድ ካሣዬ ተቆጣ።

«የዋጃ ቀበሌ ከድቶናል ልትለን ነው?»

«ኧረ ምን በወጣው! ድጋፉ ተዛወረ እንጂ። አምና ጥቅምት ላይ ዋጃ ሁለት መቶ ሠላሳ፣ ኅዳር ላይ ዜሮ። ሮቢት ደግሞ ኅዳር ላይ አራት መቶ!»

«በእግሩ ሄደ ወይስ በአውቶቡስ?»

«ድጋፍ የሚሄደው በንቃት ነው፣ ጓድ።»

«ታኅሣሥ ላይስ? ሁሉም ጋ ዜሮ ነው የሚለው።»

አላምረው ፍንክች አላለም። «ታኅሣሥ ላይ ድጋፉ ከሜዳ ተነሥቶ ወደ ልብ ይገባል» አለ።

ሁለት ቀን ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ «ድጋፉ በጉዞ ላይ ነው» የሚል የአቋም መግለጫ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ካሣዬም ጭብጨባው ረዘም ሲልበት አጨበጨበ።

በኅዳር አጋማሽ ከደሴ ተቆጣጣሪው ጓድ ደሳለኝ ጥናቱን በዓይኑ ሊያይ መጣ። አላምረው ልቡ ከሱ ቀድሞ ደሴ ገብቷል። እንግዳውን ወስዶ ሮቢት ዳር፣ አርባ አንድ ባንዲራ ከሚውለበለብበት የማሽላ ማሳ አጠገብ አቆመው። የማሳው ባለቤት እማማ ጌጤ ወንጭፋቸውን ይዘው ማማው ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣» አለ ደሳለኝ፣ «እንዲህ የደገፉን ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ማሽላው እሸት ከያዘ ጀምሮ፣ ጌታው።»

«ይህን ሁሉ ባንዲራስ ከየት አመጡት?»

«የኔስ አንዱ ብቻ ነው። የቀረው የዋጃዋ እህቴና የጎረቤቶቿ ነው። እነሱ ቀድመው ስለሚያጭዱ በአህያ ይልኩልኛል። ሳጭድ እመልሳለሁ።»

«በአህያ» ብሎ ደሳለኝ ጻፈ።

አላምረው ፈጠን ብሎ ጣልቃ ገባ። «እማማ ጨዋታ ይወዳሉ» አለ።

«ምን ጨዋታ አለኝ ልጄ! በሰባ ሰባት ማሽላም አልነበረ፣ የሚሰቀልም አልነበረ። አምና ግሪሳው ቀዩን ሲያይ ብን ይል ነበር፤ ዕድሜ ለፓርቲው! ዘንድሮ ግን የወፍ ዘር ለመደው። ይኸው እዩት!» ከቅርቡ ባንዲራ ላይ ሦስት ግሪሳ ተደርድረው ላባቸውን ያበጥራሉ። «በሞቴ፣ ሌላ ቀለም ያለው ፓርቲ ካለ አድሉን።»

ደሳለኝ ማስታወሻውን አጥፎ ወደ መኪናው ተመለሰ።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። አላምረው ከፈተው። «ጥናቱ እጅግ የላቀ ሆኖ ተገኝቷል። ድጋፉ ተንቀሳቃሽ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ከያለበት እንዳይነቃነቅ ቆሞ የሚጠብቀው ጓድ ያስፈልጋል። ስለሆነም ጓድ አላምረው አዝመራው እስኪሰበሰብ በሮቢት ማሳዎች ተመድቧል» ይላል። ይህኛውን አልሳመውም።

በማግስቱ ከማሳው ዳር ቆሞ የመጣበትን ጉዳይ ሲያስረዳ፣ እማማ ጌጤ እልልታቸውን አቀለጡት። ማማው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ ወንጭፉንም ዘረጉለት።

«እሰይ! ና ልጄ፣ ውጣ። ግሪሳው የለመደው ጨርቁን ነው፤ ካድሬውን ገና አልለመደም!»