ከሁለቱም ወገን እኩል ለሚርቀው ሠርግ አዘጋጅ ስለ መምረጥ

የሠርግ ኮሚቴው አራተኛ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ ወር በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን።

ቦታ፦ ሰብሳቢው ለሃያ ሁለት ዓመት ዳይሬክተር በነበሩበት ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል። ሰብሳቢው ጡረታ ሲወጡ የክፍሉን ቁልፍ መመለስ ዘንግተዋል፤ ትምህርት ቤቱም መጠየቁን ስለዘነጋ ቦታው ለስብሰባ አመቺ ሆኖ ተገኝቷል። ስብሰባው ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ተጀመረ ተብሎ እንዲጻፍ ሰብሳቢው አዘዋል። የተጀመረው 3፡35 ነው።

የተገኙ፦

1. የሙሽራው አጎት፣ ጡረተኛ ዳይሬክተር፦ ሰብሳቢ
2. የሙሽራው እናት፣ የሰብሳቢው እህት፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፦ አባል
3. የሙሽራዋ አክስት፣ ልብስ ሰፊ፣ የዚህ ጸሐፊ ባለቤት፦ አባል
4. የሙሽራዋ አባት፣ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር፦ አባል (አርፍደው የመጡ)
5. ሙሽራውና ሙሽራዋ፦ ድምፅ የሌላቸው ታዛቢዎች
6. የሙሽራዋ አክስት ባል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገለ፦ ጸሐፊ። ጸሐፊው የተመረጠው ባለፈው ስብሰባ እጁን ሊታጠብ ወጣ ባለበት ሰዓት ነው።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ የሙሽራዋ አባት ሳንባቸው ከተቀደደ ወዲህ ደረጃ የሚወጡት አምስት እርከን ወጥተው፣ ቆመው፣ ተንፍሰው ስለሆነ በመክፈቻው ሰዓት ገና አንደኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። ሰብሳቢው በመስኮት ወደ ውጭው ደረጃ አይተው፣ በሕንፃው ውስጥ ያለ አባል እንደተገኘ ይቆጠራል በማለት ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አስታወቁ። አባትየው ሲደርሱም በማርፈዳቸው የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ሙሽራዋ ወንበር ሳበችላቸው። ይህ በአጀንዳ ያልተያዘ ነበር።

አጀንዳ፦ (1) ያለፈውን ውሳኔ ማስታወስ፤ (2) የሠርግ አዘጋጅ እጩዎችን መስማት፤ (3) ምርጫ፤ (4) ልዩ ልዩ። በ"ልዩ ልዩ" ሥር የተያዘው ጉዳይ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የሙሽራዋ አባት አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ሐኪማቸው በጽሑፍ የከለከላቸው መሆኑ ነው። አባትየው ይህን ባለፈው ስብሰባ ያልተናገሩት ማንም ስላልጠየቃቸው ነው።

ሙሽራዋ ተራ ቁጥር 4 ወደ 1 ከፍ እንዲል ጠየቀች። ሰብሳቢው "ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" ካሉ በኋላ፣ ሥሩ አዘጋጁ እንደሆነ፣ አባትየው ግን ዝርዝር ጉዳይ እንደሆኑ አብራሩ። አባትየው "ልክ ነው፣ እኔ እቆያለሁ" አሉ። አጀንዳው ጸደቀ።

አጀንዳ 1። ያለፈውን ውሳኔ ስለ ማስታወስ

የሙሽራው ወገን ሠርጉ በእነሱ ሰፈር አዳራሽ፣ የሙሽራዋ ወገን ደግሞ በእነሱ ሰፈር አዳራሽ ካልሆነ በማለታቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስብሰባዎች ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነው ማለፋቸው ይታወሳል። በሦስተኛው ስብሰባ ሰብሳቢው አንዱም ወገን የማይበደልበትን ዘዴ አመጡ። የዓለምን ካርታ ከግድግዳ አውርደው፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል ማስመሪያ አጋድመው፣ የሁለቱም ወገን ዘመድ የማይኖርበት ቦታ እስኪደርስ ድረስ መስመር ዘረጉ። ሁለቱም ቤቶች በአንድ የእርሳስ ነጥብ ውስጥ እንደሚገኙ ሙሽራው ቢጠቁምም፣ ታዛቢ ስለሆነ አልተመዘገበለትም። መስመሩ ባሕር ላይ አለቀ። ኮሚቴውም ከረጅም ውይይት በኋላ ወደ ቅርቧ ደሴት ፈቀቅ ብሎ ሠርጉ እዚያ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

ደሴቲቱን ያየ አባል የለም። ይህም ለሁለቱም ወገን እኩል መሆኑ በጥሩ ጎን ተወስቷል።

አጀንዳ 2። እጩዎችን ስለ መስማት

አንደኛ እጩ። በሙሽራው እናት የቀረበ አዳራሽ አስጌጭ ነው። አልበም ይዞ በአካል ቀረበ። ሙሽሮቹ በባሕሩ ዳር በነጭ ፈረስ እንዲመጡ አሳሰበ። የሙሽራዋ አክስት ፈረሱን የሚያመጣው የትኛው ወገን እንደሆነ ጠየቁ። የሙሽራው እናት አዘጋጁን ያመጣ ፈረሱንም ያመጣል ብለው መለሱ። አክስት "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ! እኛ በእግራችን እየተንገላታን የእናንተ ልጅ በፈረስ?" በማለት ተቃወሙ። ሙሽራዋም በዚያው ፈረስ ላይ እንደምትሆን ቢነገራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ሰብሳቢው የማስታረቂያ ሐሳብ አቀረቡ፦ ፈረሶቹ ሁለት ይሁኑ፤ ቁመታቸው እኩል ይሁን፤ እኩል መሆናቸውም ከሁለቱ ወገን በተውጣጣ ንዑስ ኮሚቴ ይለካ። ሐሳቡ ተደገፈ። ሙሽራዋ እጇን አወጣች። እጇ መውጣቱ ተመዝግቧል።

ሁለተኛ እጩ። የሙሽራዋ አክስት ያቀረቡት፣ ሱሪ የሚያሳጥሩለት የዓውደ ጥናት አዘጋጅ ነው። ሠርግ አዘጋጅቶ እንደማያውቅ አልሸሸገም፤ ነገር ግን ሰው ተሰብስቦ፣ በልቶ፣ አጨብጭቦ መበተኑ አንድ ነው የሚል እምነት አለው። ባቀረበው መርሐ ግብር መሠረት ለእያንዳንዱ እንግዳ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ስም ይታደላል፤ ቃል ኪዳኑ ከ4፡00 እስከ 4፡10 ይፈጸማል፤ ከዚያ ለሃያ ደቂቃ ጥያቄና መልስ ይካሄዳል፤ በመጨረሻም ተሳታፊዎች የግምገማ ቅጽ ይሞላሉ። ሰብሳቢው ከስብሰባው መጀመሪያ አንሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው ታዩ።

ሙሽራው ከቃል ኪዳን በኋላ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚነሣ ጠየቀ። እጩው "አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው የሚሰጡት" ሲል መለሰ። ጸሐፊው ስለ ሰው ልጅ ከሰማቸው እውነተኛ ነገሮች ይህ አንዱ ስለመሰለው ቃል በቃል አስፍሮታል።

ሦስተኛ እጩ። ሙሽራዋ ራሷ ያገኘቻት፣ እዚያው ደሴት ላይ የምትኖር፣ ቋንቋችንን የምትናገር ሴት ናት። በስልክ ቀረበች፤ ስልኩ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ በውሃ ብርጭቆ ላይ ተደገፈ። ሰብሳቢው ራሷን እንድታስተዋውቅ ሲጋብዟት በቀጥታ "መምጣት እየፈለገ የማይችል ሰው አለ?" ብላ ጠየቀች። ሰብሳቢው ጥያቄው በተራ ቁጥር 4 የተያዘ መሆኑን፣ ደግሞም እጩ የሚጠየቅ እንጂ የሚጠይቅ አለመሆኑን አስታወቋት። "ሙሽራዋስ? እሷ ምንድነው የምትፈልገው?" አለች። ይህ በየትኛውም ተራ ቁጥር አልተያዘም። ሙሽራዋ እጇን አወጣች። ስልኩ በሰብሳቢው ትእዛዝ ተዘጋ።

የሙሽራው እናትና የሙሽራዋ አክስት ከተዋወቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ። ሴትየዋ ደፋር ናት።

አጀንዳ 3። ምርጫ

ለአንደኛው እጩ ሰብሳቢውና የሙሽራው እናት እጃቸውን አወጡ። ለሁለተኛው እጩ የሙሽራዋ አክስት እጃቸውን ያወጡ ሲሆን፣ በሌላው እጃቸው የአባትየውን እጅ ይዘው አነሡ። አባትየው ይህን አልተቃወሙም፤ ለመቃወም ትንፋሽ ያስፈልጋል። ድምፁ ሁለት ለሁለት ሆነ። ድጋሚ ተሰጠ፤ ሁለት ለሁለት። አንደኛው እጩ ከተመረጠ የሙሽራዋ ወገን፣ ሁለተኛው ከተመረጠ የሙሽራው ወገን ስብሰባውን ረግጦ እንደሚወጣ ተገለጸ። ጸሐፊው ሁለቱም ረግጠው ቢወጡ ጥሩ ነበር የሚል ሐሳብ ቢኖረውም ድምፅ ስለሌለው አላቀረበውም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሁለቱም ወገን እኩል የማይወዷት ሦስተኛዋ እጩ ብቻ ስለሆነች፣ ፍትሐዊ በመሆኗ እንድትመረጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ፈረሶቹና ጥያቄና መልሱ ግን እንዳይቀሩ አደራ ተባለች።

አጀንዳ 4። ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው ለሙሽራዋ አባት ጉዳይ ሦስት ደቂቃ ፈቀዱ።

የሙሽራው እናት አባትየው በስልክ ምስል እንዲከታተሉ፣ ስልኩም የፊተኛው ረድፍ ላይ በክብር ወንበር እንዲቀመጥ አሳሰቡ። የሙሽራዋ አክስት በመርከብ እንዲሄዱ ሐሳብ አቀረቡ። ጉዞው አሥራ አንድ ቀን እንደሚፈጅ ሲነገራቸው፣ ከአሁኑ ቢነሡ ይደርሳሉ አሉ። ሰብሳቢው በበኩላቸው ጉዳዩ በውክልና እንደሚያልቅ ገልጸው፣ ጸሐፊው በፍርድ ቤት ልምዱ የአባትነት ውክልና እንዲያረቅቅ ጠየቁ። እሳቸው ራሳቸው ሙሽራዋን ደግፈው ለመግባት ፈቃደኛ መሆናቸውንም አስታወቁ። አክስት "ለአባትነቱም ከእናንተ ወገን?" በማለታቸው፣ ወኪሎቹ ሁለት እንዲሆኑ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ እንዲይዟት ተሻሻለ።

ጸሐፊው በሠላሳ አንድ ዓመት ብዙ ዓይነት ውክልና መዝግቧል። ቤት ለመሸጥ፣ መኪና ለማስመርመር፣ አንዴም በሬ ለማስመለስ። እንዲህ ያለ ውክልና ግን አላየም፤ አላረቅቅም ብሏል። እንቢታው በዲሲፕሊን እንዲታይ ቀጠሮ ተይዟል።

በመጨረሻ አባትየው አስተያየታቸውን ተጠየቁ። "እኔ ምንም አይደል" አሉ። "እናንተ ከተስማማችሁ፣ እሷም ደስ ካላት፣ እኔ ፎቶውን አያለሁ።" ቀጥሎም አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ በአውቶቡስ ሊሸኟት እንደሚችሉ፣ መስመሩን እንደሚያውቁት ተናገሩ። ጸሐፊ የተሰማውን በቃለ ጉባኤ እንደማያሰፍር ይታወቃል። ይህ ጸሐፊ ግን በዚህ ሰዓት አፍሯል፤ ከሚያፍርባቸው መካከልም ራሱ አንዱ ነው።

ሰብሳቢው ጉዳዩ በአባትየው በጎ ፈቃድ መዘጋቱን አመስግነው፣ ለተመረጠችው አዘጋጅ የምሥራቹን ለመንገር ስልክ አስደወሉ። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

"አመሰግናለሁ፣ ግን አልሠራውም። ቅድም ጠይቄ የከለከላችሁኝን ልጅቷ አሁን በጽሑፍ ነገረችኝ። አባቷ መምጣት አይችሉም አይደል? እንዲህ ያለ ሠርግ አንዴ ሠርቻለሁ። አበባው ምኑ፣ ሙዚቃው ምኑ! ሙሽራዋ ግን ቀኑን ሙሉ በር በሩን ስታይ ዋለች። ሁለተኛ አይለምደኝም።"

ሰብሳቢው እንቢታዋን በሦስት ኮፒ እንድታቀርብ አሳሰቡ። ስልኩ ግን ቀድሞ ተዘግቷል።

በዚህ ጊዜ ሙሽራዋ ቆመች። ሰብሳቢው እጇን አውጥታ ተራ እንድትጠብቅ አስታወሷት።

"ጋሼ፣ እጄን ሳወጣ ነው የዋልኩት" አለች። "እኔ ደሴት አልጠየቅኩም። ፈረስም አልጠየቅኩም። እናቴ ከሞተች በኋላ ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱን ከማስነሣቱ በፊት ሾፌር ወንበር ላይ አስቀምጦ ፀጉሬን ይጎነጉንልኝ የነበረው አባዬ ነው። ጉንጉኑ ጠማማ ነበር። ተሳፋሪው ሲስቅበት እንኳ ሳይጨርስ አያስነሣም ነበር። እሱ የማይደርስበት ቦታ ሄጄ አላገባም። በቃ።"

ሙሽራው ተነሥቶ አጠገቧ ቆመ። "እኔም ከእሷ ጋር ነኝ" አለ። ሰብሳቢው ታዛቢ አቋም መያዝ እንደማይችል ለማስረዳት ቢሞክሩም የሰማቸው አልነበረም። የሙሽራዋ አክስት፣ የሟች እህታቸው ነገር ከተነሣ ጀምሮ ጣታቸው ላይ ያለውን የስፌት ቀለበት ሲያሽከረክሩ ቆይተው አንገታቸውን ደፉ። የሙሽራው እናት "መድኃኒቱን በየወሩ የምሰጣቸው እኔ ነኝ" አሉ ለማንም ሳይሆን። "በየወሩ! እኔ ነበርኩ ቀድሜ መናገር የነበረብኝ።"

ሰብሳቢው ለአባትየው "ታዲያ የት ድረስ ነው የሚችሉት?" የሚል ጥያቄ አቀረቡ። አባትየው በመስመር እንደሚያስብ ሾፌር ትንሽ ካሰቡ በኋላ መለሱ።

"ማዘጋጃ ቤቱ ከቤቴ ሁለት ፌርማታ ነው። የጋብቻ ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም። እሱን እችላለሁ።"

ሰብሳቢው ማዘጋጃ ቤቱ ወደ ሙሽራዋ ሰፈር እንደሚያደላ በማስገንዘብ፣ የሚያደላው በስንት ሜትር እንደሆነ ለማረጋገጥ ማስመሪያ ጠየቁ። የሙሽራው እናት "ኧረ አንተ ሰው! ተወን!" አሏቸው። ይህ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ራሳቸው ጠይቀዋል።

ስለሆነም ምንም ዓይነት ውይይት ሳይደረግ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ. በዚህና ከዚህ በፊት በነበሩት ሦስት ስብሰባዎች የተላለፉ ውሳኔዎች በሙሉ፣ ደሴቲቱን፣ ፈረሶቹን፣ ጥያቄና መልሱን፣ ሁለቱን ወኪል አባቶችና በጸሐፊው ላይ የተያዘውን ቀጠሮ ጨምሮ ተሽረዋል።

ለ. ሠርጉ በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ይሆናል።

ሐ. ኮሚቴው ፈርሷል።

መ. የሠርጉ አዘጋጅ እንዲሆኑ የሙሽራዋ አባት ተመርጠዋል። ምርጫውን ያቀረበችው ሙሽራዋ ናት፤ ድምፅ የሌላት መሆኗን ያነሣ የለም።

አባትየው ሹመቱ እንደማይገባቸው፣ ስለ ሠርግ ምንም እንደማያውቁ ገለጹ። "ምኑን ነው የማዘጋጀው ልጄ?" ብለው ጠየቁ። ሙሽራዋ "ራስህን፣ አባዬ። ሌላውን እኛ እናውቃለን" አለች። አባትየው አለቀሱ።

ስብሰባው ከቀኑ 7፡20 ተበተነ። የአባትየው ማልቀስ ለቃለ ጉባኤ የማይመጥን ስለሆነ እንዲሰረዝ ሰብሳቢው ጠይቀዋል። ጸሐፊው አልሰረዘም።

የጸሐፊው ፊርማ